ፍኖተ ሰላም እሑድ፣ ፓርላማ ሰኞ

ወገን! እነዚህን ሁለት ቀኖች በቃልህ ያዛቸው።

እሑድ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ፍኖተ ሰላም ከአየር ተመታች። ነዋሪው ድሮን ነው አለ። ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የዓለም ሚዲያዎች ከሆስፒታል ሰምተው ዘገቡ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን ሲቪሎች መጎዳታቸውን ገለጸ።

በማግስቱ ሰኞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተሰበሰበ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ያወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቀረበለት። አጸደቀው።

"ሕገ ወጥ ነው!" ብሎ መጮህ ይቀላል። ግን እስቲ አንቀጽ 93ን እናንብበው። ምክር ቤቱ እረፍት ላይ ከሆነ አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል፤ በ10ኛው ቀን ቀረበ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ ተገኘ። ከስድስት ወር በኋላ በየአራት ወሩ ማራዘም ይፈቅዳል፤ ጥር 2016 ተራዘመ። ወረቀቱ ተሟልቷል እኮ! ችግሩ ሌላ ነው፦ አስፈጻሚውን የሚጠይቀው ማን ነው?

በ2013ቱ ምርጫ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን የወሰደው አንድ ፓርቲ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከዚያው ምክር ቤት ነው። አዋጅ የሚያወጣውና አዋጅ የሚያጸድቀው አንድ የፓርቲ ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ፍርድ ቤትስ? ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት መንገዳቸው በክልል ምክር ቤቶች በኩል ነው፤ እነሱንም በአብዛኛው የያዘው ያው ፓርቲ ነው። በላ ልበልሃ ብሎ ያደገ የጎጃም ገበሬ ይሄን ሲሰማ "ታዲያ ዳኛው የታለ?" ነው የሚልህ።

የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ክርስቲያን ታደለ ደግሞ ያለመከሰስ መብቱ ሳይነሳ በዚያው ነሐሴ እስር ላይ ነበር። ጠያቂው ራሱ ከታሰረ ማን ይጠይቅ?

አሜሪካን ተመልከት። ጻድቅ ስለሆነች አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስ ውስጥ ወንበር የለውም፣ ዳኛውም ሥልጣኑ የዕድሜ ልክ ስለሆነ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ትሩማን የኮሪያን ጦርነት ምክንያት አድርጎ የብረት ፋብሪካዎችን ያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 "ይህን ሥልጣን ማንም አልሰጠህም" አለው፤ መለሰ። በ2019 ትራምፕ በሜክሲኮ ድንበር ጉዳይ አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ፣ 12 የራሱ ፓርቲ ሴናተሮች አዋጁ ይነሳ ብለው ድምፅ ሰጡ። ትራምፕ ውሳኔውን ሻረው፤ ኮንግረሱም ሽረቱን ለመቀልበስ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አጣ። ስለዚህ እዚያም ሁልጊዜ አይሠራም። ግን ማን "አይሆንም" እንዳለ በስም ተመዝግቧል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። በአስቸኳይ ጊዜ የማይነኩ መብቶች ተብለው አንቀጽ 93 ላይ የተዘረዘሩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39(1) እና (2) ናቸው። የመኖር መብት፣ አንቀጽ 15፣ የለበትም! ሆኖም አንቀጽ 13 መብቶች ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ ይላል። ኢትዮጵያ የገባችበት የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ደግሞ በየትኛውም አስቸኳይ ጊዜ የመኖር መብት አይታገድም ብሏል። ክርክራችን እዚህ ላይ ይቁም።

እንግዲህ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬ፣ የየገጠሩ ወጣት ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ የወረዳህ የፓርላማ ተወካይ ማን እንደሆነ እወቅ። ነሐሴ 8 እጁን ለምን እንዳወጣ በጽሑፍ ጠይቀው። ሁለተኛ፣ ሕጉ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋም፣ የታሳሪዎችን ስም ከነምክንያቱ በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ያድርግ፣ ኢሰብአዊ ድርጊት የፈጸሙትም ለፍርድ እንዲቀርቡ ያድርግ ይላል። ስለ ፍኖተ ሰላም ምን መረመረ? ጠይቅ። ሦስተኛ፣ የሟቾችን ስም፣ ቀንና ቦታ መዝግበህ አስቀምጥ። ስም የሌለው ሟች ፍርድ አያገኝም።

አባቶቻችን "በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል" ይሉ ነበር። ሕጉ ሰውን ያስቆም ዘንድ ግን "በሕግ አምላክ!" የሚል ሰው ያስፈልጋል። አንተ በል። አንቺም በይ።