ሞያሌ፤ በአንድ ስም ሁለት ከተማ

አንባቢ ሆይ፤ ካርታ ማስተማር ቀላል ነው። በሰሌዳው ላይ ነጭ መስመር አሰምርና «ወዲህ ኢትዮጵያ፤ ወዲያ ኬንያ» እላለሁ፤ ተማሪዎቼም ይጽፋሉ። ባለፈው የትምህርት ዕረፍት ግን ያንን መስመር በእግሬ ልረግጠው አሰብሁና ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጕዤ ሞያሌ ገባሁ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ስነሣ ሐሳቤ እንደ ብዙዎቻችን ነበር። የድንበር ከተማ ሲባል ለጎብኚ ርካሽ ዕቃ የሚገዛበት፤ ለተመደበ ጸሐፊ ደግሞ የዝውውር ማመልከቻ የሚጻፍበት ስፍራ ብቻ ይመስለናል።

መንገዱ ራሱ አስተማሪ ነው። ከያቤሎ በኋላ ቀይ አፈር፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኵይሳ፤ የቦረና ከብትና ግመል ይታያል። በዱብሉቅ ጥልቅ የውሃ ጕድጓዶች አሉ፤ ጐልማሶች ከታች እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ ቆመው እየዘፈኑ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። እነዚህን ጕድጓዶች አትርሳቸው፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሞያሌ ደርሼ ፓስፖርቴን አስመትቼ ወደ ኬንያዋ ሞያሌ ተሻገርሁ። እንደ ልማዴ ወደ ግራ ተመልክቼ መንገዱ ውስጥ ልገባ ስል፤ አንድ ልጅ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። «ጋሼ፤ እዚህ መኪና የሚመጣው በቀኝ በኩል ነው!» አለኝ። ለካ በእኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ሲሄድ በኬንያ ግራውን ይዞ ይሄዳል። ይህን የጂኦግራፊ መምህር ሳያውቀው አንድ ሕፃን ያውቀዋል።

አመስግኜው «አገርህ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» ብለው ጥያቄዬ ገረመው። «ቤታችን ወዲያ ነው፤ አያቴ ግን ወዲህ ናት። ወተት ላደርስላት ነው» ብሎኝ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ዋጋ መጠየቄን ተውሁና ሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሰው ማዳመጥ ጀመርሁ። አንዱ ነጋዴ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ፤ በስዋሂሊ ዋጋ ተከራክሮ፤ መልሱን በአማርኛ ይቈጥራል።

መስመሩ የተወሰነው በኅዳር ወር 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት በአዲስ አበባ በተፈራረሙት ውል ነው። ያው ውል ግን በግራና በቀኝ ያሉት ጐሣዎች እንደ ቀድሞው ከብታቸውን በሁለቱም ወገን እንዲያሰማሩ፤ በውሃ ጕድጓዶቹም እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። ፈራሚዎቹ እንኳ ውሃና ዝምድና በመስመር እንደማይከፈል ተረድተውት ነበር ማለት ነው። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ወታደሮች በተኰሱት ጥይት ሰላማዊ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች የሸሹት በዚሁ መስመር ተሻግረው ነው። ያን ቀን መስመሩ አጥር መሆኑ ቀርቶ በር ሆነላቸው።

ስለዚህ፤ አንባቢ ሆይ፤ በጕብኝትም ሆነ በሥራ ወደ ድንበር ከተማ ብትሄድ ቢያንስ ሦስት ቀን ስጣት። በመጀመሪያው ቀን በእግርህ ዙራት፤ በሁለተኛው የሰዉን ሰላምታ ተማር፤ በሦስተኛው ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ዘመድ ጠይቅ። መንገድ ስትሻገርም ግራና ቀኝ ተመልከት።

እኔም በመጪው ዓመት ያንኑ ነጭ መስመር በሰሌዳው ላይ አሰምራለሁ፤ አገር ያለ ወሰን አይኖርምና። ነገር ግን ተማሪዎቼ መስመሩን ከመገልበጣቸው በፊት፤ ለአያቱ ወተት ይዞ ስለሚሻገረው ልጅ እነግራቸዋለሁ።