የነዳጅ ደረሰኝ የማያሳየው ወጪ

የግል መኪናን ለመሥሪያ ቤት ሥራ ማሰማራት በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። የሽያጭ ሠራተኛው ደንበኛ ዘንድ፣ መሐንዲሱ ሳይት፣ የፕሮጀክት አስተባባሪዋ ስብሰባ የሚሄዱት ብዙ ጊዜ በራሳቸው መኪና ነው። ድርጅቱ በምላሹ የነዳጅ ኩፖን ይሰጣል፤ ወይም ሠራተኛው በደረሰኝ የሚያወራርደውን የነዳጅ ገንዘብ ይተካል። ከአሠራሩ ጀርባ ያለው እምነት አጭር ነው፤ ነዳጁ እስከተሞላለት ድረስ ባለመኪናው የጎደለበት ነገር የለም ይባላል። ይህ እምነት ስሕተት ነው። ነዳጅ ብቻ የሚተካ ድርጅት የመኪናውን አገልግሎት በከፊል በነፃ ይወስዳል፤ የቀረውን የሚሸፍነው ሠራተኛው ከደመወዙ ነው።

እምነቱ ሥር የሰደደው ነዳጅ ከወጪዎች ሁሉ ለዓይን የቀረበ ስለሆነ ነው። በየሳምንቱ ይከፈላል፣ ደረሰኝ አለው፣ በሊትር ይቆጠራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ግብይት በቴሌብርና በመሰል የዲጂታል ክፍያዎች እንዲሆን ከተደረገ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ግዢ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጣል። ለሒሳብ ሠራተኛ ከዚህ የተመቸ ወጪ የለም። ሌሎቹ ወጪዎች ግን ዘግይተው፣ ተጠራቅመውና በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ጎማ በየትኛው ጉዞ እንዳለቀ፣ የፍሬን ሸራ በየትኛው ቁልቁለት እንደተበላ የሚያስረዳ ወረቀት የለም። ወረቀት ስለሌለው ወጪው የለም ማለት ግን አይደለም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። አንድ የግንባታ ተቆጣጣሪ ከቦሌ ተነስቶ በለገጣፎ፣ በሰንዳፋና በዱከም ያሉ ሳይቶችን በራሱ ቪትስ መኪና ይዞራል እንበል። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ለሥራ፣ 500 ኪሎ ሜትር ለግል ጉዳዩ ይነዳል። ቀጥሎ ያሉት ዋጋዎች ለስሌት የተወሰዱ ግምቶች ናቸው፤ አንባቢ በራሱ መኪናና በዕለቱ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። ቤንዚን በሊትር 120 ብር ቢሆንና መኪናው በአንድ ሊትር 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ነዳጅ በኪሎ ሜትር 10 ብር ይፈጃል። ድርጅቱ የሚተካው ይህን ነው፤ በወር 15,000 ብር። ለቢሮው ሒሳቡ እዚህ ላይ ተዘግቷል።

ለጋራዡ ግን ገና መጀመሩ ነው። የ10,000 ብር ጎማ አራቱ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግሉ በኪሎ ሜትር 1 ብር ይወጣል። ዘይትና ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ በ5,000 ብር ሲቀየር ሌላ 1 ብር ነው። የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ የፊት እግር ሥራና የእጅ ዋጋ አንድ ላይ 1 ብር ከ50 ቢገመቱ ብዙ አይደለም፤ ሳይት የሚመላለስ መኪና አስፋልት ጨርሶ ኮረኮንች ውስጥ ይገባል፣ እግሩ የሚያልቀውም እዚያ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ በዓመት 50,000 ብር ከሆነና ከጉዞው ሦስት አራተኛው የሥራ ከሆነ፣ የሥራው ድርሻ በኪሎ ሜትር ወደ 2 ብር ይጠጋል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የመኪናው ዋጋ መቀነስ አለ። በሞዴልና በዓመተ ምሕረት አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች፣ አንዱ ከሌላው 100,000 ኪሎ ሜትር አብልጦ ስለተነዳ ብቻ በ300,000 ብር ቢበላለጡ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከመኪናው ላይ 3 ብር ይወስዳል።

ድምሩ በኪሎ ሜትር 8 ብር ከ50 ይሆናል። በወር 12,750 ብር፣ በዓመት 153,000 ብር ማለት ነው። አጠቃላይ ወጪው በወር 27,750 ብር ሲሆን ድርጅቱ የከፈለው 15,000 ብቻ ነው፤ 46 በመቶውን ተቆጣጣሪው ችሏል። ግምቶቹ በሲሶ ያህል ተጋንነዋል ቢባል እንኳ በዓመት ከ100,000 ብር በላይ ከሠራተኛው ኪስ ወጥቷል። ይህ ገንዘብ ለግንባታው ፕሮጀክት የዋለ ቢሆንም በፕሮጀክቱ መዝገብ ላይ የለም።

በዚህ ስሌት ላይ የሚነሳው ዋና ተቃውሞ መኪና በኢትዮጵያ አይረክስም የሚለው ነው። በ1,000,000 ብር የተገዛ መኪና ከዓመታት አገልግሎት በኋላ በእጥፍ ሲሸጥ ያየ ሁሉ ይህን ይላል። ክርክሩ ጠንካራ የሚመስለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚያደባልቅ ነው። የመኪና ዋጋ በብር የሚንረው በቀረጥ፣ በኤክሳይስ ታክስና በውጭ ምንዛሪ የተነሳ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በዚያ ሰሞን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ መኪናም፣ ዱከም ሲመላለስ የከረመ መኪናም ዋጋቸው ጨምሯል። ጭማሪው የመጣው መኪና በመያዝ ነው፤ ለድርጅት በመንዳት የተገኘ ምንም የለበትም። መንዳት የሚያመጣው የሁለቱን ልዩነት ነው፤ ብዙ የተነዳው ምንጊዜም ካልተነዳው ያነሰ ያወጣል። ገበያው ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ገዢ መጀመሪያ የሚያየው የተነዳውን ኪሎ ሜትር ነው፤ አጭበርባሪ ሻጮች ቆጣሪውን ወደ ኋላ የሚመልሱትም ኪሎ ሜትር ዋጋ ስለሚቀንስ ነው። ሌላም ነገር አለ። መኪናው በዋጋ ንረት የተወደደለት ሰው ሸጦ ሌላ ሲገዛ የሚገዛውም ተወዷል፤ አተረፈ የሚባለው ገንዘብ እዚያው ያልቃል፣ ያለቀው ሞተር ግን አይመለስለትም።

የኤሌክትሪክ መኪና መምጣት «ነዳጅ ብቻ» የሚለውን አስተሳሰብ ከሥሩ ነቅሎታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ ቢዋይዲና ሌሎች የኤሌክትሪክ መኪኖች በአዲስ አበባ ጎዳና በዝተዋል። መኪናውን ማታ ቤቱ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ለድርጅቱ ሥራ የሚወጣ ሠራተኛ የነዳጅ ደረሰኝ የለውም። በ«ነዳጅ ብቻ» መርሕ ከሄድን የሚገባው ክፍያ ለኤሌክትሪኩ ጥቂት ብር፣ ወይም ምንም ነው። ጎማው ግን ያልቃል፣ ኢንሹራንሱ ይከፈላል፣ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውድ የሆነው ባትሪም በእያንዳንዱ ቻርጅ ጥቂት ጥቂት ይደክማል። መኪናውን በውድ የገዛው፣ በርካሽ የሚነዳው ሰው ድርጅቱን በነፃ ያገለግላል ማለት ነው። ወደዚህ የሚያደርስ መርሕ መጀመሪያውኑ የተሳሳተ ነበር።

ጉዳዩን በቁጥር የፈታ አገር አለ። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የግል መኪናን ለሥራ የመንዳት ወጪ በየዓመቱ አስጠንቶ በማይል ተመን ያወጣል። እ.ኤ.አ. ለ2025 የወጣው ተመን በማይል 70 ሳንቲም ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 33 ሳንቲሙ የመኪናው ዋጋ መቀነስ ነው። ያው መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ለሕክምና ጉዞ የፈቀደው 21 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ይህኛው ተመን እንደ ነዳጅ ያሉትን ከጉዞው ጋር የሚለዋወጡ ወጪዎች ብቻ ይይዛል። በ70ና በ21 መካከል ያለው ርቀት የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሳንቲም የተለካ መልክ ነው። ተመኑ አሠሪውን በፌዴራል ሕግ አያስገድድም፤ እንደ ካሊፎርኒያና ኢሊኖይ ያሉ ግዛቶች ግን አሠሪ ለሥራ የወጣን አስፈላጊ ወጪ እንዲተካ በሕግ ያዛሉ። ነዳጅ በናረበት እ.ኤ.አ. በ2022 የግብር መሥሪያ ቤቱ ዓመቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ተመኑን በሐምሌ ወር ከ58.5 ወደ 62.5 ሳንቲም ከፍ አድርጓል። ብሪታንያ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችውን የ45 ፔንስ ተመን ከአሥር ዓመት በላይ ሳትነካው ኖራለች። የማይታደስ ተመን በየዓመቱ ወጪን ወደ ሠራተኛው ይገፋል።

የኢትዮጵያ ሕግ ተመን ባያወጣም መነሻው አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ የሥራ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር። አሠሪዎች የሚንጠላጠሉት በዚህች «በስተቀር» ላይ ነው፤ ሠራተኛው መኪና ይዞ ሊመጣ ተስማምቷል ይላሉ። መሣሪያውን ማን ያምጣ የሚለውና መሣሪያው ሲያልቅ ማን ይተካው የሚለው ግን ለየቅል ናቸው። መኪና አለኝ ብሎ የተቀጠረ ሰው መኪናዬን እስኪያልቅ ውሰዱት አላለም። ድርጅቶቹ ራሳቸው ይህን ያውቁታል። ለራሳቸው መኪና በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ መዝግበው ከትርፋቸው ላይ ይቀንሳሉ። ያንኑ መዝገብ የሚይዘው የሒሳብ ክፍል የሠራተኛው መኪና ሲሆን እርጅና የሚባል ወጪ አላውቅም ይላል።

ወርሃዊ የትራንስፖርት አበል መፍትሔ ተደርጎ ሲቀርብ ይሰማል። አበል ርቀትን አይለይም፤ በወር 300 ኪሎ ሜትር የነዳውም 1,500 የነዳውም እኩል ይቀበላሉ። ስለዚህ ሳይት የማይሄደው ሰው ያተርፋል፣ ሥራውን አክብሮ የሚዞረው ይከስራል። ሠራተኛው ኪሎ ሜትር ያጋንናል የሚለው ሥጋትም ክብደት የለውም፤ መነሻና መድረሻ የተጻፈበትን የጉዞ መዝገብ በስልክ ካርታ ማጣራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ኢንሹራንሱን ለራሱም ይከፍለው ነበር ለሚለው መልሱ ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ አለ፤ የሥራው ድርሻ ብቻ ተወስዷል።

ፍትሐዊ ክፍያ እንግዲህ በኪሎ ሜትር የሚታሰብ፣ ነዳጅን፣ ጎማንና ጋራዥን፣ የኢንሹራንስ ድርሻንና የዋጋ መቀነስን የሚይዝ ተመን ነው። ለትንንሽና ለትልልቅ መኪኖች፣ ለነዳጅና ለኤሌክትሪክ ለየብቻ ይወጣል። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው በሚከለስበት አገር ተመኑ ቢያንስ በየሦስት ወሩ መታየት አለበት። ይህን መክፈል አልችልም የሚል ድርጅት መኪና ይግዛ ወይም ይከራይ፤ ሁለቱም ከአቅሙ በላይ ከሆኑ ሥራውን ከዋጋው በታች ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው፣ ጉድለቱንም ሠራተኞቹ ሲደጉሙት ኖረዋል።

በኪሎ ሜትር ተመን የማይሸፈነው አንድ ነገር አደጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ። ድርጅቱም በሌሎች አንቀጾች ሊጠየቅ ቢችልም ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሠራተኛው ነው። ስለዚህ የሥራ ውሉ ወይም የድርጅቱ መመሪያ ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ መወሰን ይኖርበታል። በሥራ ጉዞ ላይ ለደረሰ አደጋ የኢንሹራንስ ኤክሰሱን፣ ማለትም ባለመኪናው ራሱ የሚችለውን ድርሻ፣ ድርጅቱ ይከፍላል። ሠራተኛው አደጋ ሳያደርስ በመቆየቱ ያገኘው የዓረቦን ቅናሽ ቢቀርበት ልዩነቱን ድርጅቱ ይተካል። መኪናው ጋራዥ በቆየባቸው ቀናት የሥራ ጉዞው በድርጅቱ ወጪ ይከናወናል። ሠራተኛውም ከመፈረሙ በፊት የኢንሹራንስ ውሉ የሥራ ጉዞን ይሸፍን እንደሆነ ኩባንያውን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ አለበት፤ የዓረቦን ጭማሪ ካስከተለ ጭማሪውን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው።