የምንበላውንም የሚበላብንንም እንቁጠር

ባለፉት ሳምንታት በዚህ ዓምድ መደመርና መቀነስ ተለማምደናል። ነዶ ቆጥረናል፤ ኩንታል ደምረናል፤ ከገበያ መልስ ሒሳብ ሠርተናል። ዛሬ ደግሞ መደመርና መቀነሱን በጨዋታ እንለማመደዋለን። ጨዋታው ገበጣ ነው።

ገበጣ ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። በልጅነታችሁ ከጭላሎ ግርጌ ከብት ስትጠብቁ መሬት ቆፍራችሁ፣ ጠጠር ወይም የፍየል በጠጥ ለቅማችሁ ተጫውታችሁት ይሆናል። ታዲያ ብዙ ሰው ገበጣን የልጅ ጨዋታ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ስለሚገኙ የገበጣ ዓይነቶች ሰፋ ያለ ጽሑፍ አሳትመዋል። ጨዋታው ከአገር አገር ስሙም ሕጉም ይለያያል። ሁለት ረድፍ ያለው አለ፤ ሦስት ረድፍ ያለውም አለ። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው መቁጠር ነው። ሳይቆጥር የሚጫወት ሰው ይሸነፋል።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ተራችን ሲደርስ ከፊታችን ብዙ ምርጫ አለ። ከሁሉ የበለጠ ዋጋ ያለው የትኛው ነው? ጀማሪ ይህን በምን ይለያል?

ሕጉ

በአካባቢያችሁ ሌላ ሕግ ካለ በዚያው ተጫወቱ። ለዛሬው ትምህርት ግን ቀላሉን ሕግ እንያዝ።

ሁለት ረድፍ እንቆፍራለን። በእያንዳንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱን «ቤት» እንበለው። በእኛ በኩል ያለው ረድፍ የእኛ ነው። ከፊት ለፊት ያለው የባላጋራችን ነው። በእያንዳንዱ ቤት 4 ጠጠር እናስቀምጣለን። 12 ቤት በ4 ሲባዛ 48 ጠጠር ይሆናል።

ተራው የደረሰ ሰው ከራሱ ቤቶች አንዱን መርጦ ጠጠሩን ሁሉ ያነሣል። ከዚያ ወደ ቀኝ እየሄደ በየቤቱ አንድ አንድ ይጥላል። ረድፉ ሲያልቅ ወደ ባላጋራው ረድፍ ይዞራል።

የመጨረሻይቱ ጠጠር ጠጠር ባለበት ቤት ከወደቀች፣ የዚያን ቤት ጠጠር ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል። ባዶ ቤት ከወደቀች ተራው አለቀ። ያ ባዶ ቤት የራሱ ከሆነ ግን ከፊት ለፊቱ ባለው የባላጋራ ቤት ያለውን ጠጠር ይበላል። የራሱ ጠጠር እዚያው ትቀራለች። በመጨረሻ ብዙ የበላ አሸነፈ።

ቤቶቹን በፊደል እንጥራቸው

ፊደል ቆጥራችኋልና ለቤቶቹ ስም እንስጣቸው። የእኛ ቤቶች ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ ናቸው። ከዚያ ይዞርና የባላጋራችን ቤቶች ከቀኝ ወደ ግራ ሰ፣ ሸ፣ ቀ፣ በ፣ ተ፣ ቸ ይሆናሉ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስታነቡ «ንጉሡ ሠ» እና «እሳቱ ሰ» በሉ፤ አለዚያ ይምታታባችኋል።

አሁን ጨዋታው ከግማሽ አልፏል እንበል። እኛ 15 በልተናል። ባላጋራችንም 15 በልቷል። በቤቶቹ ውስጥ የቀረው 18 ጠጠር ነው። እንደዚህ ተቀምጧል፦

የባላጋራ፦ ቸ 0 — ተ 0 — በ 2 — ቀ 2 — ሸ 0 — ሰ 5
የእኛ፦ ሀ 0 — ለ 7 — ሐ 1 — መ 0 — ሠ 1 — ረ 0

እስቲ ጠጠር ለቅማችሁ መሬት ላይ እንደዚሁ ደርድሩት። በዓይን ብቻ አይሆንም። እጅ ሲነካው ይገባል።

ተራው የእኛ ነው። ጠጠር ያለን በሦስት ቤት ነው፤ «ለ»፣ «ሐ» እና «ሠ»። ስለዚህ ምርጫችን ሦስት ነው።

አንደኛው ምርጫ፦ ትልቁን ማንሣት

ጀማሪ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው «ለ» ላይ ነው። 7 ጠጠር! እጅ ሙሉ ይሆናል። እሺ፣ እናንሣውና እንይ። ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ። ሰባተኛዋ «ቀ» ላይ ወደቀች። እዚያ 2 ነበረ፤ አሁን 3 ሆነ። 3ቱን አንሥተን በ፣ ተ፣ ቸ እንላለን። «ቸ» ባዶ ነበረ። ቤቱም የእኛ አይደለም። ተራችን አለቀ።

ምን በላን? ምንም። አሁን በየረድፉ ያለውን ቁጠሩ። በእኛ በኩል 9 የነበረው 6 ሆኗል። በባላጋራችን በኩል 9 የነበረው 12 ሆኗል። ብዙ ሠራን፤ የሠራነው ግን ለሰው ነው።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ብዙ የሚያስበላውን መያዝ

ትንሽ የለመደ ጀማሪ ደግሞ «ሠ»ን ያያል። አንድ ጠጠር ናት። ወደ «ረ» ትሄዳለች። «ረ» ባዶ ነው፤ የእኛም ነው። ከፊት ለፊቱ «ሰ» ላይ 5 ጠጠር አለ። 5ቱን በላን! 15 የነበረው 20 ሆነ። ደስ ይላል፣ አይደል?

ቆዩ እንጂ። አሁን ተራው የባላጋራችን ነው። እሱ «ቀ» ላይ 2 ጠጠር አለው። አንዷን «በ» ላይ፣ አንዷን «ተ» ላይ ይጥላል። «ተ» ባዶ ነው፤ ቤቱም የራሱ ነው። ከ«ተ» ፊት ለፊት ያለው የእኛ ቤት የትኛው ነው? «ለ» ነው። 7ቱን ጠጠር በላብን። 15 የነበረው 22 ሆነ።

እኛ 20፣ እሱ 22። 5 በልተን 7 አስበላን። 2 ከሰርን።

ሦስተኛው ምርጫ፦ ትንሿ ጠጠር

የቀረችው «ሐ» ናት። አንድ ጠጠር ናት፤ ወደ «መ» ትሄዳለች። «መ» ባዶ ነው። ከፊት ለፊቱ «ቀ» ላይ 2 ጠጠር አለ። 2ቱን እንበላለን። 15 የነበረው 17 ሆነ።

«2 ብቻ? 5 ትቶ 2?» ትሉ ይሆናል። እነዚያ 2 ጠጠሮች እነማን እንደ ነበሩ ግን አስቡ። 7ቱን ጠጠራችንን ሊበሉ የተዘጋጁት እነሱ ነበሩ። እነሱ ሲነሡ 7ቱ ዳነ። አሁን ባላጋራችን የቀረው ጠጠር «ሰ» ላይ 5፣ «በ» ላይ 2 ነው። የትኛውንም ቢያነሣ የመጨረሻይቱ ጠጠሩ «ቸ» ላይ ነው የምታርፈው። ከ«ቸ» ፊት ለፊት ያለው የእኛ «ሀ» ባዶ ነው። ምንም አይበላም።

ስለዚህ 2 በላን፤ 7 አዳንን። የዚህች ትንሽ ጠጠር ዋጋ 2 ሲደመር 7፣ 9 ነው። የ«ሠ» ዋጋ 5 ነበር። 9 ከ5 ይበልጣል።

ደግሞም «ሰ» ላይ ያለው 5 የትም አልሄደም። ባላጋራችን «በ»ን ቢያነሣ በሚቀጥለው ተራ እንበላዋለን። ያኔ 22 ይኖረናል።

ሦስት ጥያቄዎች

አንድ ጀማሪ ከሽማግሌ ጋር ተጫውቶ ቢሸነፍ «አባባ፣ እኔ ብዙ ስበላ እንዴት ተሸነፍኩ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ «ልጄ፣ የበላኸውን ቆጠርህ፤ የሚበላብህን አልቆጠርህም» የሚል ነው። ስለዚህ እጃችሁን ወደ ጠጠሩ ከመስደዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

1ኛ. አሁን ባልነካው ባላጋራዬ ምን ይበላብኛል?
2ኛ. እኔስ ምን ያህል መብላት እችላለሁ?
3ኛ. ከበላሁ በኋላ ተራው የእሱ ሲሆን ምን ይቀረኛል?

የሚበላውን መደመር፣ የሚዳነውን መደመር፣ የሚበላብንን መቀነስ ነው። ይኸው ነው ሒሳቡ። በአማርኛም ቁጠሩት፣ በኦሮምኛም ቁጠሩት፣ ድምሩ አንድ ነው።

ይህ ጥበብ የገበጣ ብቻ አይደለም። በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ «ጎ» የሚባል ጨዋታ አለ። ቻይናውያን ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ተጫውተውታል። ሰሌዳው 19 መስመር በ19 መስመር ነው፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ 361 ነው። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር ይዞ እየተፈራረቁ ያስቀምጣሉ። ሰፊ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። እዚያም ጀማሪ ሰፊውን ባዶ ቦታ ሲያይ ይሮጣል፤ የተከበቡትን ጠጠሮቹን ይረሳል። አስተማሪዎቹ የሚሉት ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ከትልቁ በፊት አስቸኳዩን ተመልከት።

ከገበጣው ውጪ

ውድ አንባቢያን፣ ገበጣ ላይ ብንሸነፍ የጠፋው ጠጠር ነው። ነገር ግን ይህን የመሰለ ምርጫ በእርሻችንም በቤታችንም ይመጣል።

ኅዳር ላይ ገብስ እያጨዳችሁ ነው እንበል። ጭላሎ ላይ ደመና ተጫነ። ግማሹ ማሳ ገና ቆሟል፤ ግማሹ ታጭዶ መሬት ላይ ተኝቷል። የቆመውን ማጨድ ትልቅ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የቆመው ዝናቡን ከተኛው ይልቅ ይችለዋል። የተኛው ይበቅላል፤ ይሻግታል። ስለዚህ ማጭዱን አስቀምጦ የታጨደውን መከመር ይሻላል። ይህቺ «ሐ» ናት።

ሌላም አለ። ነሐሴ ላይ ጎተራው ይጎድላል፤ ገንዘብ ያስፈልጋል። አንድ ሰው መጥቶ «አሁን 5 ሺህ ብር ልስጥህ፤ ኅዳር ላይ ገብስህን ትሰጠኛለህ» ይላል። 5 ሺህ ብር በእጅ ሲያዝ ደስ ይላል። ግን ያ ገብስ ኅዳር ላይ 7 ሺህ ብር ቢያወጣስ? 5 በልተን 7 አስበላን ማለት ነው። ችግር ቢጸና፣ ልጅ ቢታመም፣ 2 ሺህ ብር መክሰሩን እያወቅንም ልንቀበል እንችላለን። ይህ የማንም ነውር አይደለም። ክፉው ነገር ሳይቆጥሩ መቀበል ነው። ዛሬ ማንበብና መቁጠር ችለናል። ስለዚህ ውሉን እናንብበው፤ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን እንጻፍና አንዱን ከሌላው እንቀንስ። ከዚያ በኋላ እንወስን።

መልመጃ

በሦስተኛው ምርጫ «ሐ»ን አንሥተን 2 በልተናል። ባላጋራችን ደግሞ «ሰ»ን አነሣ እንበል። ጠጠሩ እንደዚህ ተቀምጧል፦

የባላጋራ፦ ቸ 1 — ተ 1 — በ 3 — ቀ 1 — ሸ 1 — ሰ 0
የእኛ፦ ሀ 0 — ለ 7 — ሐ 0 — መ 1 — ሠ 1 — ረ 0

ጥያቄ 1. አሁን «ለ»ን ብናነሣ የመጨረሻይቱ ጠጠር የት ታርፋለች?
ጥያቄ 2. ስንት እንበላለን?
ጥያቄ 3. «መ»ን ወይም «ሠ»ን ብናነሣስ ስንት እንበላለን?

መልሱን ከማንበባችሁ በፊት በጠጠር ሞክሩት። ለብቻችሁ ከከበዳችሁ ከባለቤታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ጋር ሥሩት።

መልስ 1. ጠጠሯ ዞራ ዞራ የራሳችን «ሀ» ላይ ታርፋለች።
መልስ 2. ከ«ሀ» ፊት ለፊት «ቸ» ላይ በዚያን ጊዜ 2 ጠጠር ይኖራል። 2ቱን እንበላለን። 17 የነበረው 19 ይሆናል።
መልስ 3. ምንም አንበላም።

አያችሁ? ቅድም «ለ»ን ማንሣት ከንቱ ነበር። አሁን ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ሆነ። ቤቱ ያው ነው፤ ጠጠሩም ያው 7 ነው። የተለወጠው ዙሪያው ነው። ስለዚህ «ትልቁን አንሣ» ወይም «ትልቁን አትንካ» የሚል ሕግ የለም። በየተራው እንደገና መቁጠር ብቻ ነው ያለው።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሚዛንና ስለ ኪሎ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።