ቁልፉን መስጠት ወይስ እጁን መያዝ?



ፈተና አልቆ ዶርም ውስጥ ላፕቶፕ ሲከፈት «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» አይጠፋም። ብራያን ኦኮነርን የማያውቅም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ብራያን የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ነው። የጭነት መኪና የሚዘርፉትን ለመያዝ ማንነቱን ደብቆ በጎዳና ላይ መኪና ከሚያሽቀዳድሙ ወጣቶች ጋር ይቀላቀላል። ከመሪያቸው ከዶሚኒክ ቶሬቶ ማዕድ ይቆርሳል፤ እህቱንም ይወዳል። በኋላ ዘራፊው ራሱ ዶሚኒክ ሆኖ ያገኘዋል። መጨረሻ ላይ ፖሊስ እየደረሰ ሳለ የመኪናውን ቁልፍ ሰጥቶ ያስመልጠዋል።

ብዙ ተመልካች «አቦ፣ ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው!» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ስሜቱ ይገባናል። ብራያን በውርርድ ተሸንፎ የመኪና ዕዳ ነበረበት፤ አብሮ የበላውን ሰው አሳልፎ መስጠትም ይከብዳል። ነገር ግን በመንገድ ላይ የተዘረፈው ሾፌርስ? ቁልፉ ሲሰጥ እሱን ያስታወሰ የለም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማችንን በዳይም ይሁን ተበዳይ እንድንረዳው አዘዋል። ሶሓቦች ተበዳዩን መርዳት ገብቷቸው፣ በዳዩን እንዴት እንደሚረዱት ጠየቁ። መልሱ ከበደሉ መከልከል፣ እጁን መያዝ የሚል ነበር። እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ነው። ፊልሙ ቁልፍ የሚሰጠውን ወዳጅ ይለናል፤ ዲናችን እጅ የሚይዘውን።

ከፊልሙ ውጭ ያለው ታሪክ ደግሞ ያሳዝናል። ብራያንን ሆኖ የተወነው ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2013 በ40 ዓመቱ በካሊፎርኒያ በመኪና አደጋ ሞተ። የዚያን ዕለት የእርዳታ ዝግጅት ላይ ነበር። መኪናውን የሚነዳው ጓደኛው ነው፤ እሱም አልተረፈም። መርማሪዎች እንዳሉት የመንገዱ ገደብ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መኪናው ከ130 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። በ2015 የወጣው ሰባተኛው ፊልም በወንድሞቹ እገዛ ተጠናቆ ብራያንን ከቤተሰቡ ጋር በሰላም አሰናበተው። ፊልም እንዲህ ማድረግ ይችላል፤ አስፋልት አይችልም።

ይህን የምናነሳው በሟቾች ላይ ለመፍረድ አይደለም። ብዙዎቻችን መሪ አንይዝም፤ ግን ሁላችንም እንሳፈራለን። ከሳቢያን ወይም ከከዚራ ስንመለስ ክፍል ረፈደ ብለን የባጃጁን ልጅ «ሳበው!» የምንለው እኛ ነን። በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሾፌሩ ሲፈጥን አንገታችንን ደፍተን ስልክ የምንነካካውም እኛው ነን። ጓደኛችን የተዋሰውን ሞተር ሊያስጮህበት ሲነሳ ቪዲዮ የሚቀርጽ አይጠፋም፤ «ተው» የሚለው ግን ስንት ነው?

ነገሩ በመንገድ ብቻ አያበቃም። በፈተና አዳራሽ መልስ አቀብለኝ የሚል፣ ቀርቶ ሳለ ፈርምልኝ የሚል ወዳጅም ቁልፉን እየጠየቀን ነው። እምቢ ስንለው ይቀየመን ይሆናል። ለብቻው ጠርተን፣ ሳናዋርደው፣ በለስላሳ ቃል እንንገረው፤ ከፈተናው በፊትም አብረነው እናጥና። ወንድምነት ይህ ነው፤ ቁልፍ ማቀበልማ ለማንም ቀላል ነው።

አላህ እጃችንን የሚይዙ ወዳጆችን ይስጠን፤ እኛንም ከእነሱ ያድርገን። አሚን።