የኮፊሸንት ወሰን በብዙ ኮምፕሌክስ ተለዋዋጮች፦ ከመስመሩ ውጭ የቀረው ጥያቄ

የአንድ ሆሎሞርፊክ ፈንክሽን የፓወር ሲሪየስ ኮፊሸንቶች ምን ያህል ሊገዝፉ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ በጂኦሜትሪያዊ የፈንክሽን ቲዎሪ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ይኸው ጥያቄ ወደ ብዙ ኮምፕሌክስ ተለዋዋጮች ተሻግሮ ለድኅረ ምረቃ ጥናቶች ምቹ ርእስ ሆኗል። ምቹነቱ ግን አሳሳቢ ጎን አለው። ከሚቀርቡት ውጤቶች ብዙዎቹ በአንድ ተለዋዋጭ የታወቀውን ወሰን ይዘው፣ ወሰኑ እንዳይፈርስ የሚያደርግ ቅድመ ሁኔታ ጨምረው፣ ያንኑ መልስ በአዲስ ቦታ ይደግሙታል። እንዲህ ያለው ሽግግር ስሕተት ባይኖርበትም የብዙ ተለዋዋጮችን ጥያቄ አይመልስም። ጥያቄው የሚጀምረው የአንድ ተለዋዋጭ ወሰን መሥራት ከሚያቆምበት ቦታ ነው።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ሉድቪግ ቢበርባኽ በዩኒት ዲስክ ላይ አንድ ለአንድ የሆነ፣ በዜሮ ላይ ዋጋው ዜሮ ዴሪቫቲቩም 1 የሆነ ሆሎሞርፊክ ፈንክሽን ሁለተኛ ኮፊሸንቱ በፍጹም ዋጋ ከ2 እንደማይበልጥ አረጋገጠ። የማንኛውም ኮፊሸንት ፍጹም ዋጋ ከተራ ቁጥሩ አይበልጥም የሚለውንም መላምት አቀረበ። የእኩልነቱ ምሳሌ የኬበ ፈንክሽን ነው፤ ኮፊሸንቶቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያሉ ይቀጥላሉ። የሦስተኛውን ኮፊሸንት ወሰን ካርል ሌቭነር በ1923 አረጋገጠ። በ1933 ፌኬተና ሴገ የሦስተኛውን ኮፊሸንትና የሁለተኛውን ካሬ አጣምረው ያገኙት ወሰን፣ የኢተጋማሽ ፈንክሽኖች ኮፊሸንቶች ከ1 አይበልጡም የሚለውን የሊትልዉድና የፔሊን ግምት አፈረሰ፤ አምስተኛው ኮፊሸንት እስከ 1.013 ገደማ ሊደርስ እንደሚችል ታየ። ሙሉውን መላምት ሉዊ ደ ብራንዥ ያረጋገጠው በ1984፣ ከ68 ዓመት በኋላ ነው፤ ማረጋገጫውም ሌቭነር ለሦስተኛው ኮፊሸንት ባዘጋጀው እኩልነት ላይ ቆሟል። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ቁጥሮቹ ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ ወሰን የሚደረስበትን ፈንክሽን ይዞ መጥቷል፤ የተሠራበት መሣሪያም ከውጤቱ በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

ኦንሪ ካርታን በ1933 ይህን ቲዎሪ ወደ ብዙ ተለዋዋጮች ስለማስፋት ሲጽፍ፣ አንድ ለአንድ መሆን ብቻውን እንደማይበቃ አስጠነቀቀ። ምክንያቱን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለቱ ኮምፕሌክስ ተለዋዋጮች ሠ እና ረ ይባሉ፤ ጥንዱን (ሠ፣ ረ) ወደ (ሠ + ሀ × ረ²፣ ረ) የሚወስደው ማፒንግ ይታሰብ፤ ሀ ማንኛውም ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው። ይህ ማፒንግ በመላው የሁለት ተለዋዋጮች ስፔስ ላይ አንድ ለአንድ ነው፤ ግልባጩም ፖሊኖሚያል ነው፤ በዜሮ ላይ ያለው ዴሪቫቲቩ አይደንቲቲ ነው። ሆኖም ሀ የፈለገውን ያህል ሊገዝፍ ይችላል። ስለዚህ በኳስም ሆነ በፖሊዲስክ ላይ የአንድ ለአንድ ማፒንጎች ክፍል ኮምፓክት አይደለም፤ ለሁለተኛ ደረጃ ኮፊሸንቶቹም የጋራ ወሰን የለም። ቢበርባኽ በ1916 የቆመበት መሬት እዚህ ገና ከመጀመሪያው እርምጃ ይከዳል።

ካርታን የጠቆመው መውጫ ጂኦሜትሪያዊ ገደብ መጨመር ነበር። ከገደቦቹ ዋነኛው ኮከብ-መሰልነት ነው፤ በማፒንጉ ምስል ውስጥ ያለ ማንኛውም ነጥብ ከዜሮ ጋር በሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመር በሙሉ በምስሉ ውስጥ ሲያልፍ ማፒንጉ ኮከብ-መሰል ይባላል። ይህን ለመፈተን የዴሪቫቲቩን ግልባጭ በማፒንጉ ላይ በማሳረፍ የሚገኘውን ቬክተር መመልከት ያስፈልጋል። ከላይ ላለው ምሳሌ ይህ ቬክተር (ሠ − ሀ × ረ²፣ ረ) ነው። በዩኒት ኳስ ላይ፣ ይህ ቬክተር ከ(ሠ፣ ረ) ጋር ያለው የውስጥ ብዜት እውን ክፍል ከዜሮ ማነስ የለበትም። ይህም |ሀ| × |ሠ| × |ረ|² በኳሱ ጠርዝ ላይ ከ1 አይበልጥም ማለት ነው። |ሠ| × |ረ|² ትልቁን ዋጋውን 2/(3√3) የሚያገኘው |ሠ|² = 1/3 ሲሆን ነው። ስለዚህ ማፒንጉ በኳሱ ላይ ኮከብ-መሰል የሚሆነው |ሀ| ከ3√3/2 ወይም ከ2.598 ገደማ ሳይበልጥ ሲቀር ብቻ ነው።

ኳሱ በሁለት ዲስኮች ብዜት፣ ማለትም በባይዲስክ፣ ሲተካ መልሱ ይለወጣል። በዚህ ክልል መስፈርቱ፣ |ሠ| ከ|ረ| በማያንስበት ሁሉ የ1 − ሀ × ረ²/ሠ እውን ክፍል ከዜሮ እንዳያንስ ይጠይቃል። የረ²/ሠ ፍጹም ዋጋ ወደ 1 የፈለገውን ያህል ስለሚቀርብ ወሰኑ |ሀ| ≤ 1 ይሆናል። አንዱ ማፒንግ፣ አንዱ ኮፊሸንት ሦስት መልስ ሰጠ፦ ያለ ገደብ ወሰን የለውም፤ ኮከብ-መሰል ሲሆን በኳስ 2.598፣ በባይዲስክ 1። የአንድ ተለዋዋጭ ወሰን የሆነው 2 ከሦስቱ አንዱም አይደለም።

ይህ የአንድ ምሳሌ ጠባይ ብቻ አይደለም። በኳሱ ላይ ለማንኛውም ኮከብ-መሰል ማፒንግ ከላይ የተጠቀሰው ቬክተር ይወሰድ፤ ሁለተኛው ተለዋዋጭ በአንድ አንግል፣ የመጀመሪያው በእጥፉ ይሽከርከር፤ በአንግሎቹ ሁሉ ላይም አማካዩ ይሰላ። መስፈርቱ ኮንቬክስ ስለሆነና በሽክርክሪት ስለማይለወጥ አማካዩም ያሟላዋል። ከአማካዩ የሚተርፈው (ሠ − ሀ × ረ²፣ ረ) ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ሀ በዋናው ማፒንግ የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ያለው የረ² ኮፊሸንት ነው። ስለዚህ 3√3/2 ለኮከብ-መሰል ማፒንጎች ሁሉ የሚጸና፣ የማይሻሻልም ወሰን ነው። ፊሊፖ ብራቺ በ2015 ያሳተመው ሥራ ይኸው ቁጥር በሌቭነር እኩልነት ሊወከሉ ለሚችሉ የኳስ ማፒንጎች ሰፊ ክፍልም እንደሚጸና አሳይቷል። ወሰኑን የሚደርስበት ማፒንግ በኳሱ ላይ ቡንድድ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። በአንድ ተለዋዋጭ የዚህ ዓይነት ጽንፈኛ ፈንክሽኖች እንደ ኬበ ፈንክሽን ወደ ኢንፊኒቲ የሚያመልጡ ናቸው። በብዙ ተለዋዋጮች የጽንፍ መልኩ ራሱ ተለውጧል።

እንግዲህ የተለመደው ሽግግር ከዚህ ጋር ይነጻጸር። በብዙ የፌኬተ–ሴገ ዓይነት ሥራዎች ማፒንጉ ተለዋዋጩ ቬክተር በአንድ ስካላር ፈንክሽን የተባዛበት ነው ተብሎ ይታሰባል። እንዲህ ያለ ማፒንግ በዜሮ የሚያልፈውን እያንዳንዱን ኮምፕሌክስ መስመር ወደዚያው መስመር ይወስደዋል። በአንዱ መስመር ላይ ሲወሰን የአንድ ተለዋዋጭ ኮከብ-መሰል ፈንክሽን ይሆናል፤ የሚፈለገውም ኢ-እኩልነት በመስመሩ ላይ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሠ ዜሮ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል ዜሮ ስለሚሆን፣ የረ² ኮፊሸንቱ በግድ ዜሮ ነው። ቅድመ ሁኔታው ያስወጣው ነገር ቢኖር 2.598ን ከ1 የለየውን፣ ማለትም ብዙ ተለዋዋጮች ያመጡትን አዲስ ነገር ነው።

ለእነዚህ ሥራዎች መከራከሪያ የለም ማለት አይደለም። ቅድመ ሁኔታው ውጤቱን በማንኛውም ኮምፕሌክስ ባናኽ ስፔስ ዩኒት ኳስ ላይ እንዲጸና ያደርገዋል፤ ለጀማሪ ተመራማሪም መስፈርቶቹን፣ ኖርሙንና የድጋፍ ፈንክሽናሎችን የሚለማመድበት መስክ ይሆናል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን በማንኛውም ኖርም የሚጸና ወሰን ስለ አንዱም ኖርም የተለየ ነገር አይነግርም። ልምምድም ልምምድ ተብሎ ቢቀርብ ነውር የለውም፤ የሚጎዳው እንደ አዲስ ግኝት ሲቆጠርና ተከታዩ ተማሪ ያንኑ ቅድመ ሁኔታ ለሌላ ንዑስ ክፍል ሲደግመው ነው። የሁለት ዓመት የማስተርስ ጊዜ ለእንዲህ ያለው ሰንሰለት ሌላ ቀለበት መጨመሪያ ሆኖ ማለፍ የለበትም።

ከመስመሩ ውጭ ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪ ዐቅም በላይ ናቸው የሚለው ስጋትም ሙሉ በሙሉ አይጸናም። ከላይ የታየው ስሌት የሁለተኛ ደረጃ ካልኩለስና የአማካይ ስልት ብቻ ነው የጠየቀው። ረ² በረ³ ቢተካ፣ ማፒንጉ በኳስ ላይ ኮከብ-መሰል የሚሆነው |ሀ| ከ8/(3√3)፣ ማለትም ከ1.54 ገደማ፣ ሳይበልጥ መሆኑ በዚያው መንገድ ይገኛል። ለኮከብ-መሰል ማፒንጎች ሁሉ ግን ያው ስልት በቀጥታ አያደርስም፤ በሦስተኛው ደረጃ ኮፊሸንት ውስጥ የሁለተኛው ደረጃ ኮፊሸንቶች እርስ በርስ ተባዝተው ይገባሉና። ኳሱ በሌላ የሬይንሃርት ክልል ሲተካ ቁጥሩ እንዴት እንደሚንቀሳቀስም በወረቀትና በኮምፒውተር ሊፈተን ይችላል።

በፖሊዲስክ ላይም ጎንግ ሼንግ ያቀረበው መላምት አለ። መላምቱ ኮከብ-መሰል ማፒንግ የማንኛውም ደረጃ ክፍሉ ትልቁ ኖርም ከደረጃው ቁጥር አይበልጥም ይላል። ለሁለተኛው ደረጃ ማረጋገጫው አጭር ነው፤ የክፍሉ ፍጹም ዋጋ ትልቁን የሚያገኘው ተለዋዋጮቹ ሁሉ እኩል ፍጹም ዋጋ ባላቸው ቶረስ ላይ ስለሆነ የካራቴዎዶሪ ወሰን ወዲያው ይሠራል። በኳስ ላይ ግን ተመሳሳዩ አባባል በሁለተኛው ደረጃ ገና ይወድቃል፤ 2.598 ከ2 ይበልጣልና። የትኛው ክልል የትኛውን መላምት እንደሚሸከም መለየት በራሱ የምርምር ጥያቄ ነው።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚቀርብ ጽሑፍ ሲገመገም ጥቂት ነገሮች ቢጠየቁ ይገባል። ወሰኑ የሚደረስበት ማፒንግ ተሰጥቷልን? ክልሉ ከኳስ ወደ ፖሊዲስክ ቢለወጥ ቁጥሩ ይለወጣልን? ቅድመ ሁኔታው (ሠ + ሀ × ረ²፣ ረ) የሚለውን ማፒንግ ያስወጣልን? ያስወጣ ከሆነ፣ ጽሑፉ በአንድ ተለዋዋጭ ላይ መሆኑ በመግቢያው በግልጽ ይነገር። አማካሪዎችም ርእስ ሲሰጡ፣ መልሱ አስቀድሞ ከማይታወቅበት ከመስመሩ ውጭ አንዲት ኮፊሸንት ቢመርጡ፣ ውጤቱ ትንሽ ቢሆን እንኳ የብዙ ተለዋዋጮች ውጤት ይሆናል።