ልጆቻችን ስልክ ይዘዋል፤ ማጣራትን ማን ያስተምራቸው?



ከጥቂት ዓመታት በፊት የመድረሳ ልጅ በእጁ የሚይዘው የእንጨት ሉህ ነበር። ኡስታዙ ይጽፍለታል፤ ልጁ ያነባል፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። ዛሬ ያው ልጅ ከመድረሳ ሲወጣ ስልክ ይከፍታል። ስልኩ ውስጥ ቁርኣን አለ፤ ደርስ አለ፤ ውሸትም አለ። እዚያ ሲሳሳት የሚያርመው ኡስታዝ ግን የለም።

«ስልኩን እንቀማቸው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው ይገባናል። ነገር ግን የዚህን መሣሪያ ጥቅም እኛው በተግባር አይተነዋል። በ2004 ከአወሊያ የተነሳው ሰላማዊ ድምፅ ከግቢው ወጥቶ አገር ያዳረሰው በወጣቶቻችን ስልክ፣ በፌስቡክና በአጭር መልእክት ጭምር ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የከተማ ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን በቴሌግራም ተቀብለዋል። ዛሬም በየቤቱ ያሉ እህቶቻችን፣ በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩትም ጭምር፣ የቁርኣን ንባባቸውን በድምፅ ቀድተው ለኡስታዛቸው ይልካሉ፤ የተጅዊድ ስህተታቸው ታርሞ ይመለስላቸዋል። ይህን በር መዝጋት መፍትሔ አይሆንም።

ችግሩ ሌላ ነው። ለልጆቻችን ስልኩን ሰጠናቸው፤ አጠቃቀሙን አላስተማርናቸውም። እኛ ያላወጣነው ጥሪ በስማችን ሲሰራጭ፣ የቆየ ምስል የዛሬ ተብሎ ሲለጠፍ፣ የሌላ አገር ቃጠሎ የእኛ ተብሎ ሲዞር ደጋግመን አይተናል። ካሰራጩት ውስጥ ብዙዎቹ ክፉ ያሰቡ አይደሉም። ለዲናቸው የተቆረቆሩ የራሳችን ልጆች ናቸው።

ጉዳቱን በግልጽ እንነጋገር። በታህሳስ 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉ በደሉን ለማስረዳት እውነቱ ራሱ በቂ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት አንዲት የሐሰት ፎቶ ከመቶ እውነተኛ ፎቶዎች ጋር ከተቀላቀለች፣ በደሉን መካድ የሚፈልግ ሰው የሚያነሳው ያችኑ አንዷን ነው። «ይኸው ውሸታቸው!» ይላል፤ መቶውም አብረው ይጣላሉ። ከዚህም የከፋ አለ። ያልተጣራ ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጋጫል። ደም ከፈሰሰ በኋላ ወሬው ሐሰት እንደነበር ቢታወቅ የሞተውን አይመልስም።

እኛ ግን ለማጣራት እንግዳ አይደለንም። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ታዘናል። የሐዲስ ዑለማዎች ኢስናድን ራሱን የቻለ ዕውቀት ያደረጉትም ለዚሁ ነው። ማን ተናገረው? ከማን ሰማው? ሁለቱ በዘመን ይገናኛሉ? ተናጋሪው በእውነተኝነቱና በማስታወስ ችሎታው የታመነ ነው? እነ ኢማሙ ቡኻሪ ሐዲስ ፍለጋ አገር ላገር ተንከራተዋል፤ ዘገባው ደስ ስላሰኛቸው ብቻ አልተቀበሉም።

መድረሳዎቻችን ይህንኑ ጥያቄ ወደ ስልኩ ማምጣት ይችላሉ። ኡስታዙ በሳምንት አንድ ሰዓት መድቦ፣ በዚያው ሳምንት የዞረ አንድ መልእክት ለልጆቹ ያሳያቸው። መጀመሪያ የለጠፈው ማን ነው? ገጹ መቼ ተከፈተ? ስሙ ከምናውቀው ገጽ በአንድ ፊደል አይለይም? ፎቶውን በጎግል የምስል ፍለጋ አስገብተው ከዚህ በፊት የትና መቼ እንደወጣ ይፈልጉ። በቪዲዮው ላይ የሚታየውን የሱቅ ጽሑፍ፣ የመኪና ታርጋና የሰዎቹን ቋንቋ ያስተውሉ፤ ቦታውን ብዙ ጊዜ ይጠቁማቸዋል። ዋትስአፕ ላይ ድርብ ቀስት ያለበት መልእክት ከእጅ ወደ እጅ ብዙ የዞረ ነው፤ ብዙ መዞሩ ግን እውነት አያደርገውም። የሚያውቁት ዳዒ ድምፅ እንኳ ዛሬ በኮምፒዩተር ሊቀነባበር እንደሚችል ይወቁ። መልስ ካላገኙ «አላውቅም» ማለትንና አለማስተላለፍን ይማሩ።

ይህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። አንድ ስልክ ለሃያ ልጅ ይበቃል። ኡስታዙ ከቴክኖሎጂው ጋር ካልተዋወቀ ከጀመዓው አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ወጣቱ መሣሪያውን፣ ኡስታዙ አደቡን ያስተምሩ። እናቶችና አባቶችም አይቅሩ፤ ብዙው ወሬ የሚዞረው በቤተሰብ ግሩፕ ነውና። እያንዳንዱ መስጂድ የትክክለኛ ቻናሉን ስም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ተሳስቶ ሐሰት ያስተላለፈም ማረሚያውን ለላከላቸው ሁሉ ይላክ። ይህ ውርደት አይደለም፤ አማና መወጣት ነው።

ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት ስንመለስ ከልጆቻችን ጋር እንቀመጥ። «በዚህ ሳምንት ምን አስተላለፍክ? ከማን አገኘኸው?» ብለን እንጠይቅ። እኛም ለተመሳሳይ ጥያቄ እንዘጋጅ። የምንናገረው በደል እውነት ነው፤ በራሳችን እጅ በሚወጣ ውሸት አናዳክመው።

አላህ ሐቅን ከሐሰት የምንለይ፣ አውቀንም የምንሠራበት ያድርገን። አሚን!