የሶላር ቅለትና ክብደት

ሰው ዕቃ ሲገዛ ቀላሉን ከከባዱ አብልጦ መውደዱ ከሸክም መከራ የተማረው ጠባይ ነውና የሚነቀፍበት አይደለም፤ ነገር ግን በያዝነው ዘመን ከመርካቶ ሱቆች እስከ ገጠር ከተሞች ገበያ ድረስ «ይኸኛው ቀላል ነው፣ ይተጣጠፋል፣ አይሰበርም» እየተባለ የሚሸጠውን ስስ ሶላር፣ ገዢው በቤቱ ጣሪያ ላይ ቸንክሮ ልጆቹን ሊያሳድግበት አስቦ በደስታ ተሸክሞት ሲሄድ ባየሁ ቁጥር፣ ቅለት ለማን እንደሚበጅና ማንን እንደሚጎዳ ለይቶ የሚነግረው ሰው በማጣቱ አዝናለሁ።

ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ ይህን ዕቃ ከተቀመጠበት ደግሞ የሚያነሣው ማን ነው፣ በየስንት ጊዜውስ ያነሣዋል ብሎ ነው። ውኃና ግጦሽ ተከትሎ ቤቱን በግመል ጭኖ ለሚዞረው ለአፋርና ለሶማሌ አርብቶ አደር፣ በሰሜን ተራሮች አቀበት በበቅሎ ለሚጓዘው መንገደኛ፣ በአዲስ አበባም ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ሰፈር ለሚለውጠው ተከራይ ክብደት የዘወትር ዕዳ ነው፤ አንድ ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ በቦታው ለሚኖር ሶላር ግን ክብደቱ የአንድ ቀን ድካም ብቻ ነው።

የነገሩን ጥንት ብንመረምርም ይህንኑ እናገኛለን። በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት የነበሩት ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 6 ከመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን የሲሊከን ሴል በ1946 ዓ.ም. ለዓለም ከገለጡ በኋላ፣ አራት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 8 ቀን 1950 ዓ.ም. ቫንጋርድ 1 የተባለችው፣ ሁለንተናዋ ተመዝኖ 1.5 ኪሎ ግራም ያህል የነበረው ሰው ሠራሽ ሳተላይት እነዚህን ሴሎች ተሸክማ ወደ ጠፈር ወጣች፤ ባትሪዋ በሦስት ወር ገደማ ሲሞት በፀሐይ የሚሠራው ማሰራጫዋ እስከ 1956 ዓ.ም. ድምፁን ሲያሰማ ኖሯል። በዚያ ጉዞ እያንዳንዷን ግራም የሚያነሣት ሮኬት ስለ ነበረ ቅለት የግድ ነበር። የደብረ ብርሃን ገበሬ ጣሪያ ግን ወዴትም አይበርም።

የተለመደውን ሶላር የሚያከብደው በአብዛኛው መስታወቱ ነው። ሴሎቹ ራሳቸው እጅግ ስስ ናቸው፤ የሚሸፍናቸው 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ግን በአንድ ካሬ ሜትር 8 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ የአልሙኒየሙም ፍሬም ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ባለ 100 ዋቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሲደርስ፣ በመስታወት ፈንታ ፕላስቲክ የለበሰው ተጣጣፊ ወንድሙ 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። «ጣሪያዬ አይችለውም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ነገር ግን በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የቆመውን ቆርቆሮ ወጥቶ የመታው አናጢ ብቻውን ከስምንት ሶላር ያላነሰ ክብደት ይዞ ሲረማመድበት ጣሪያው ችሎታል። የሣር ክዳን ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ ከባዱም ቀላሉም በክዳኑ ላይ ከሚወጣ በግቢ በተተከለ ምሰሶ ላይ ቢቆም ይሻላል።

መርካቶ አንድ ሱቅ ገብቼ ስለዚሁ ስስ ሶላር ብጠይቅ፣ ባለ ሱቁ ወጣት በሁለት እጁ ጫፍና ጫፉን ይዞ «ይዩት ጋሼ፣ እንደ ሰሌን ቢጠቀልሉት ምንም አይሆን!» እያለ እስኪቀስት ድረስ አጎነበሰልኝ፤ ልቡ ቅን ነበርና አልፈረድኩበትም፣ ግን ዕቃውን እያመሰገነ ዕቃውን ይጎዳ ነበር። የሚታጠፈው ፕላስቲኩ እንጂ በውስጡ ያለው የሲሊከን ሴል አይደለም፤ ሴሉ ተፈጥሮው የደረቀ ክርስታል ስለሆነ በተጎነበሰ ቁጥር ዓይን በማያየው ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከወራት በኋላ በኃይል ማነስና በአንድ ቦታ በመጋል ይገለጣል። ለናሙና ከፊት ተሰቅሎ ለመጣው ገዢ ሁሉ ሲጎነበስ የከረመውን ትቶ ከካርቶኑ ያልወጣውን መጠየቅ ብልኅነት ነው።

ከመታጠፉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙቀቱ ነው። ሶላር የሚወደው ብርሃንን እንጂ ሙቀትን አይደለም፤ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት በ25 ዲግሪ ሙቀት የተለካ ሲሆን፣ ሴሉ ከዚያ በላይ በጋለ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ፍሬም ያለው ሶላር ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ስለሚቆም ከበታቹ ነፋስ ያገኛል፤ ስሱ ግን በሲሊኮን ማጣበቂያ ከቆርቆሮው ጋር ሲጣበቅ ከላይ ፀሐዩ ከታች ብረቱ እየጋገረው 65 ዲግሪ ቢደርስ፣ ባለ 100 የተባለው 84 ዋት ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። በሑመራና በመተማ ሐሩር ይህ ጉዳት የሚከፋውን ያህል በደጋው አየር ይቀላል፤ ሆኖም በደጋም ቢሆን የቆርቆሮው ሸንተረር ሴሎቹን በመሐል አንጠልጥሎ ነፋስ እንዲያርገበግባቸው ማድረጉ አይቀርም።

ልባሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ፔት የሚባለው ርካሹ ፕላስቲክ በጥቂት ዓመታት ፀሐይ ቢጫ ይሆናል፣ ይላላጣልም፤ ኢ.ቲ.ኤፍ.ኢ. የተባለው ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ፀሐይን እጅግ ይታገሣል። የመስታወቱ ሶላር ብዙውን ጊዜ የ25 ዓመት የኃይል ዋስትና ሲሰጠው፣ ለተጣጣፊው የሚሰጠው ከጥቂት ዓመታት የማያልፍ መሆኑ ሠሪዎቹ ራሳቸው የፈረዱት ፍርድ ነው።

እንግዲህ መንገደኛው ቀላል መግዛቱ ካልቀረ፣ በጨርቅ ተሰፍቶ እንደ መጽሐፍ ገጽ በስፌቱ ላይ ብቻ የሚዘረጋውን እመርጥለታለሁ፤ ምክንያቱም ሴሎቹ ሳይቀሰቱ ይታጠፋል፣ ከበስተኋላው ነፋስ ያገኛል፣ ሲመሽና ዝናም ሲመጣም ወደ ቤት ይገባል። በመለያው ላይ የተጻፈውን ዋት ግን በስፋቱ ይመርምረው። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ዋት ያህል ታፈስሳለች፤ ዛሬ በገበያ ካለው የሲሊከን ሶላር ምርጡ ከዚህ የሚወስደው ሩብ ያህሉን ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ሶላር ከ60 ዋት ብዙም ሊያልፍ አይችልምና፣ በላዩ 100 ወይም 150 ተብሎ የታተመበት ቢያገኝ ነጋዴውን ሳይከራከር ሰላም ብሎ ቢወጣ ይሻለዋል።

ለበዓል ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር የሚመጣ ዘመድ ያለውም ሰው፣ ለአንድ ሻንጣ በአብዛኛው የሚፈቀደው 23 ኪሎ ስለሆነ፣ ስስ ሶላር እንዲያመጣለት ከመለመን፣ ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ጥሩ ቻርጅ ኮንትሮለር ቢያስመጣ ይበልጥ ይጠቀማል፤ እርሱ ክብደቱ ኢምንት ሲሆን የባትሪው ዕድሜ ያለበት ነው። የመስታወቱን ሶላር ከዚሁ ገዝቶ ወደ ገጠር በአውቶቡስ ይላከው፤ ብቻ ለረዳቱ ጥቂት ጨመር አድርጎ፣ ሶላሩን በጣሪያው ላይ አስተኝቶ የጤፍ ጆንያ እንዳይጭንበት፣ በካርቶኑ እንዳለ በጠርዙ አቁሞ እንዲያስረው አጥብቆ ይንገረው።